የምርጫ ታርጋ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? አምስቱ አማራጮች ሲነጻጸሩ

መኪናው ላይ ስሙን ወይም የልደት ዓመቱን የለጠፈ ሰው አይታችሁ "እኔም ባደርገውስ?" ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ባለቤቱ ራሱ የመረጠው እንዲህ ያለ ሰሌዳ የምርጫ ታርጋ ይባላል። ምኞቱ ክፋት የለውም። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ዋጋ መጠየቅ ስትጀምሩ ነው። በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት በዓመት ተጨማሪ 10 ዶላር ነው። ብሪታንያ ውስጥ በቀጥታ ከመንግሥት ሲገዛ ከ250 ፓውንድ ይጀምራል። ዱባይ ውስጥ ደግሞ "ፒ 7" የሚል ታርጋ በኤፕሪል 2023 በ55 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጧል። (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱም በአንድ ስም ይጠራሉ እንጂ የሚሸጡት ነገር ለየቅል ነው። የቨርጂኒያው ኪራይ ነው፤ መክፈል ስታቆሙ ያበቃል። የብሪታንያው ሊሸጥና ሊወረስ የሚችል የመጠቀሚያ መብት ነው። የዱባዩ ደግሞ ገቢው ምግብ ለማቅረብ ለተዘጋጀ የበጎ አድራጎት ዘመቻ የዋለ ጨረታ ነበር፤ ስለዚህ የእናንተ ታርጋ ስንት ያወጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ሰው የምርጫ ታርጋ የሚያዋጣው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ርካሽ ሲሆን፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ሲገዛ፣ እና ገንዘቡ ተመልሶ ባይመጣ የማይቆጭ ሲሆን። "ነገ እጥፍ ያወጣል" ተብሎ የሚገዛ ታርጋ ግን ሌላ ጨዋታ ነው፤ እሱን ከታች ለብቻው አየዋለሁ።

መመዘኛዎቹ

ሻጭ ሁሉ የሚያሳያችሁ ፊደሉን ነው። እናንተ ግን ፊደሉን ከማየታችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ።

*የ10 ዓመት ወጪ።* የመጀመሪያው ዋጋ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ዓመታዊ ክፍያ ካለው በ10 አባዙት። አንዴ ብቻ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ መኪና በቀየራችሁ ቁጥር የምትከፍሉትን ጨምሩበት። ለምሳሌ ብሪታንያ ውስጥ ቁጥሩን ከአንዱ መኪና አውርዶ ለማቆየት ወይም ወደ ሌላው ለማዛወር 80 ፓውንድ ይከፈላል። በ10 ዓመት ሦስት መኪና የምትቀይሩ ከሆነ 240 ፓውንድ መጣ ማለት ነው። በ250 የተገዛው ታርጋ ወደ 490 ደረሰ፤ ሰሌዳውን በየጊዜው ማሠራቱ ገና አልተቆጠረም።

*መብቱ የማን ነው?* እኔ ከሁሉ በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትገዙት ቆርቆሮውን አይደለም፣ ቁጥሩንም የግላችሁ አታደርጉትም። ቁጥሩ የመንግሥት እንደሆነ ይቀራል፤ እናንተ የምታገኙት የመጠቀም ፈቃድ ነው። ልዩነቱ ያ ፈቃድ ምን ያህል ይዘልቃል፣ ለሌላ ይተላለፋል ወይ፣ ሊነጠቅስ ይችላል ወይ የሚለው ላይ ነው።

*መኪናው ሲሸጥ ወይም ከጥቅም ውጭ ሲሆን ምን ይደርሰዋል?* ሰው ታርጋውን በብዛት የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ታርጋውን በወረቀት ሳታወርዱ መኪናውን ከሸጣችሁ ቁጥሩ ለገዢው ይሄዳል። መኪናው በአደጋ ሙሉ በሙሉ ከወደመና ኢንሹራንሱ ከወሰደው ደግሞ ቁጥሩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ካሳው ከመዘጋቱ በፊት "ቁጥሩን አስቀራለሁ" ብሎ ለኢንሹራንሱ መናገር ያስፈልጋል።

*በሕጋዊ አጻጻፉ ይነበባል ወይ?* ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ታርጋ ብዙ ጊዜ ክፍተቱ ተነካክቷል። ፊደሎቹ ተጠጋግተው ስም ይመስላሉ። አንዳንዱ ሁለት የ1 ቁጥሮች መሐል ጥቁር ብሎን አስገብቶ "ኤች" ፊደል ያስመስላል፤ 5ን እንደ "ኤስ"፣ 4ን እንደ "ኤ" ማንበብማ የተለመደ ነው። መንገድ ላይ ግን ክፍተቱም ቅርጹም የሚወሰነው በሕግ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ክፍተት የተዛባበት ታርጋ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ስለዚህ ታርጋውን የምትመዝኑት ክፍተቱ በትክክለኛ ቦታው ሆኖ፣ ያለ ብሎን፣ ያለ ቀለም ነው። ያኔም ስም የሚመስል ከሆነ ጥሩ። ካልመሰለ የገዛችሁት ማስታወቂያውን ነው።

*ጣጣው።* ፓርኪንግ፣ የክፍያ መንገድ፣ የኢንሹራንስ ውል፣ የመሥሪያ ቤት መግቢያ ፈቃድ፣ ሁሉም በታርጋ ቁጥር የተመዘገቡ ናቸው። ቁጥሩ ሲቀየር ሁሉም መቀየር አለባቸው። ይህ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ከዚህ የከፋው ኮምፒውተር የሚያሳስት ቃል መምረጥ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ "ነል" የሚል ታርጋ አወጣ፤ በኮምፒውተር ቋንቋ "ባዶ" ማለት ነው። የታርጋ ቁጥራቸው ሳይሞላ የተመዘገቡ የሌሎች መኪኖች ቅጣቶች እየተሰበሰቡ እሱ ላይ ወደቁ፣ ድምሩም 12,049 ዶላር ደረሰ። ታሪኩን 2019 ላይ በአንድ ትልቅ የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ ራሱ ተናግሮታል። ከዚያ ከ40 ዓመት በፊት ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሰው በማመልከቻው ላይ ስለ ጀልባ የሚያወሩ ሁለት ቃላት ሞላ፤ ሦስተኛው ቦታ ላይ ሁለቱ ከሌሉ ሌላ አልፈልግም ለማለት "ኖ ፕሌት" ("ታርጋ የለም") ብሎ ጻፈ። መሥሪያ ቤቱ ራሱን "ኖ ፕሌት" የሚለውን ሠርቶ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ታርጋ ሳይኖራቸው የተከሰሱ መኪኖች ቅጣት በሺዎች የሚቆጠር ሆኖ ወደ ቤቱ ጎረፈ።

*መልሶ መሸጥ።* ይቻላል ወይ? ከተቻለስ ገዢው ማነው? የእናንተን ስም የሚፈልገው ያን ስም የያዘ ሰው ብቻ ነው።

አማራጭ 1፦ የተሰጣችሁን ይዞ መቀጠል

ይህን እንደ አማራጭ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ቀዳሚ አደርገዋለሁ። ወጪው ዜሮ ነው። የሚቀየር ወረቀት የለም። አንድ ጥቅም ደግሞ አለው፦ ማንም አይቶት አያስታውሰውም። ስም ያለበትን ታርጋ ጎረቤትም፣ ደንበኛም፣ መንገድ ላይ የተጋጫችሁት ሰውም በአንድ እይታ ይይዘዋል። መኪናችሁ የት እንደቆመ ሰው ሁሉ ባያውቅ የምትመርጡ ከሆነ፣ ወይም የምትሠሩት ሥራ ሰው የሚያስቀይም ዓይነት ከሆነ፣ ይህ ብቻውን ሊያስወስናችሁ ይገባል።

መኪናዬን አዲስ ያስመስልልኛል ብላችሁ ከሆነ እሱም አይሆንም። የብሪታንያ ታርጋ ከሴፕቴምበር 2001 ጀምሮ ሁለት ፊደል፣ ሁለት ቁጥር፣ ሦስት ፊደል ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች የምዝገባውን ዘመን ያሳያሉ። ከመኪናው ዕድሜ የበለጠ አዲስ የሚያስመስል ቁጥር መለጠፍ ክልክል ነው። ዕድሜ የማያሳይ ቁጥር፣ ለምሳሌ የሰሜን አየርላንድን ዓይነት፣ መለጠፍ ይቻላል። ግን መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬውን ሲያይ ዓመቱን ያገኘዋል። የመኪናው ዋጋ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

አማራጭ 2፦ በየዓመቱ የሚከፈልበት

የአሜሪካ ግዛቶች መንገድ ይህ ነው። ለግዛቱ የመኪና መሥሪያ ቤት ታመለክታላችሁ፣ ቃሉ ካልተያዘና ካላስነወረ ይሠራላችኋል፣ ከመደበኛው የምዝገባ ክፍያ ላይ ትንሽ ይጨመርባችኋል። ቨርጂኒያ 10 ዶላር ነው ያልኩት ይህን ነው፦ በ10 ዓመት 100 ዶላር። አገሪቱ ውስጥ የምርጫ ታርጋ በብዛት ከሚታይባቸው ግዛቶች አንዷ መሆኗ አይገርምም። ሌሎች ግዛቶች ከዚህ በጣም የሚበልጥ ያስከፍላሉ፤ የየራሳችሁን ተመን እዩ።

ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም ባይ ነኝ። ቢሰለቻችሁ በቀጣዩ እድሳት ትተዉታላችሁ፣ ያው የተለመደው ታርጋ ይሰጣችኋል። በብዙ ግዛቶች መኪና ስትቀይሩ ታርጋው ከእናንተ ጋር ይሄዳል።

ድካሙ ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ቃሉን ለሌላ ሰው እንደ ንብረት መሸጥ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ግዛት ስትቀይሩ ከዜሮ ትጀምራላችሁ፤ አዲሱ ግዛት ውስጥ ያንኑ ቃል ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞት ይሆናል። ሦስተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ሜይን ግዛት 2015 ላይ ቁጥጥሩን በጣም አላልቶት ነበር። ጸያፍ ታርጋ መንገዱን ሞላው። በ2021 ሕግ ወጣና የተሰጡት ሳይቀሩ እንዲሰበሰቡ ተደረገ፤ ለዓመታት ሲከፍሉ የነበሩ ሰዎች ታርጋቸውን አጡ። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ስትመርጡ ዛሬ ስላለፈ ነገም ያልፋል ማለት አይደለም።

አማራጭ 3፦ አንዴ ተከፍሎ፣ ከመንግሥት በቀጥታ

የብሪታንያው የመኪናና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ ሰው በአጭሩ ዲቪኤልኤ የሚለው፣ ከ1989 ጀምሮ ቁጥር ይሸጣል። በድረ ገጹ ላይ ስማችሁን ወይም ምህጻሩን አስገብታችሁ ከስሙ ጋር የሚቀራረበውን ሁሉ ማየት ትችላላችሁ። ከ250 ፓውንድ የሚጀምረው ዋጋ ታክሱንም የ80 ፓውንዱን ክፍያም ያካተተ ነው። ያያችሁትን ትከፍላላችሁ። ይህ ግልጽነት ከሌሎቹ ሁለት የግዢ መንገዶች ጋር ሲተያይ ትልቅ ነገር ነው።

የምታገኙት የምስክር ወረቀት ነው። መኪና ባይኖራችሁም ቁጥሩን ገዝታችሁ ማቆየት ይቻላል። ወረቀቱ ለ10 ዓመት ይሠራል፤ ጊዜው ሳያልፍ ማደስ ነጻ ነው። ካለፈ ግን መብቱ ያልቃል፣ ገንዘባችሁም አብሮ ይሄዳል። አድራሻ ቀይሮ መሥሪያ ቤቱን ያላሳወቀ ሰው ማሳሰቢያው አይደርሰውም። የማብቂያውን ቀን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጋችሁ ያዙት፣ ከዚያም ላይ ጥቂት ሳምንት ቀድሙት።

ምርጫው ግን የራሱ ወሰን አለው። ከመንግሥት ዘንድ ርካሹ አዲሱ ቅርጽ ነው፣ ያ ደግሞ ሰባት ፊደልና ቁጥር ስለሆነ ስም ለማስመሰል ያስቸግራል። ሁለት የስም መነሻ ፊደል ፊት ላይ፣ ሦስት ፊደል ኋላ ላይ ካገኛችሁ ደህና ነው። በየማርችና በየሴፕቴምበር አዲስ የዘመን ቁጥር ሲወጣ አዳዲስ ጥምረቶች ይመጣሉ፤ ከመለቀቃቸው በፊት መሥሪያ ቤቱ ጸያፍ የሚመስሉትን ለይቶ ያስቀራል። ዛሬ የምትፈልጉት ካልተገኘ ስድስት ወር መጠበቅ ከነጋዴ ሦስት እጥፍ ከመግዛት ይሻላል።

አማራጭ 4፦ ከነጋዴ ወይም ከግለሰብ

ነጋዴ ጋ የሚኬድበት አንድ በቂ ምክንያት አለ፦ የድሮዎቹ አጫጭር ቁጥሮች። እነሱን መንግሥት በተራ ዝርዝሩ ብዙም አያቀርብም፤ የሚገኙት ቀድሞ ከያዛቸው ሰው ነው። ጥሩ ነጋዴ ወረቀቱንም ይጨርስላችኋል።

እዚህ ግን አይናችሁን ክፈቱ። ነጋዴዎች ከሚያስተዋውቁት ውስጥ የራሳቸው ያልሆነ ብዙ አለ፤ መንግሥት ዘንድ ገና ያልተሸጠውን ቁጥር ሳይቀር ትርፍ ጨምረው ይዘረዝራሉ። ስለዚህ ነጋዴው ጋ ያያችሁትን ቁጥር መጀመሪያ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ፈልጉት። ካገኛችሁት ንግግሩ አበቃ። በተጨማሪም በትልቁ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ታክሱንና 80 ፓውንዱን አይጨምርም። "ሁሉንም አካቶ መጨረሻው ስንት ነው?" ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ።

ከግለሰብ ስትገዙ ታክስ የለም፣ ድርድሩም ይቀላል፤ አደጋው ግን ይጨምራል። ወረቀቱ በሻጩ ስም መሆኑን፣ ቀኑ አለማለፉን፣ ቁጥሩ አሁንም መኪና ላይ ከሆነ ደግሞ መኪናው በማን ስም እንደተመዘገበ ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ። የወረቀቱ ፎቶ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሻጩ ዛሬውኑ ካልከፈላችሁ ብሎ የሚያጣድፋችሁ ከሆነ ተዉት፤ ቁጥር አይበላሽም፣ ነገም ያው ነው።

አማራጭ 5፦ ጨረታ፣ እና "ኢንቨስትመንት ነው" የሚለው ወሬ

ዜና የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። አቡ ዳቢ ውስጥ "1" ቁጥር በ2008 በ52.2 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጠ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ "ደብሊው" የሚል ባለ አንድ ፊደል ታርጋ በ2021 በ26 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ሄደ። የአሜሪካዋ ደላዌር ግዛት ቁጥር 6 በ2008 675,000 ዶላር አወጣ። እንግሊዝ ውስጥ የኤሴክስ አውራጃ ምክር ቤት ከ1904 ጀምሮ ይዞት የነበረውን "ኤፍ 1" በዚያው በ2008 ሸጠው፤ ክፍያው ተደምሮ 440,000 ፓውንድ አለፈ።

እነዚህን ውድ ያደረጋቸው ምንድን ነው? ቁጥራቸው አይጨምርም። ባለ አንድ አኃዝ ታርጋ በአንድ ግዛት ውስጥ ዘጠኝ ብቻ ነው፣ አሥረኛ መቼም አይመጣም። ደላዌር ውስጥ ትናንሽ ቁጥሮች በቤተሰብ ይወረሳሉ፣ ለዓመታት ገበያ ላይ ላይወጡ ይችላሉ። የእናንተን ስም የሚመስለው ባለ ሰባት ምልክት ታርጋ ግን በየስድስት ወሩ የሚመስሉት ይወለዳሉ። አንዱ በሚሊዮን ተሸጠ ማለት የእናንተም ይወደዳል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ገበያ ውስጥ አይደሉም።

ጨረታ ላይ ዋጋው እንዴት እንደሚያብጥ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። "25 ኦ" የተባለው ታርጋ 2014 ላይ በዲቪኤልኤ ጨረታ ተሸጠ፤ የተፈለገው ለፌራሪ 250 መኪና ነበር። የብሪታንያ ታርጋ ላይ "ኦ" ፊደልና ዜሮ አንድ ዓይነት ስለሚጻፉ 250 ተብሎ ይነበባል። ጨረታው 400,000 ፓውንድ ላይ ቆመ። በዚያ ላይ የገዢ ኮሚሽን 8 በመቶ፣ ይኸውም 32,000። ድምሩ 432,000። በሱ ላይ 20 በመቶ ታክስ፣ 86,400። በመጨረሻ 80 ፓውንድ። ገዢው የከፈለው 518,480 ሆነ፣ ከቆመበት ዋጋ በ30 በመቶ ገደማ የበለጠ ማለት ነው። በተመሳሳይ ስሌት እናንተ በ1,000 ፓውንድ የምታሸንፉት ታርጋ 1,376 ይሆናል። በማግስቱ ብትሸጡት ደግሞ ሁለተኛው ገዢ የእናንተን ኮሚሽንና ታክስ አይከፍልላችሁም። ኪሳራችሁን ለመመለስ ብቻ የታርጋው ዋጋ ከ37 በመቶ በላይ መጨመር አለበት።

ሌላም አለ። የቤት ኪራይ ወይም የባንክ ወለድ ዓይነት ገቢ ታርጋ አይሰጥም። በችኮላ ገንዘብ ካስፈለጋችሁ ገዢው ነገ አይመጣም፤ ነጋዴ ከገዛችሁ ደግሞ የሱን ትርፍ ቀንሶ ነው። ማስታወቂያ ላይ ያለ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው እንጂ ሽያጭ አይደለም፤ ዋጋ ስታጠኑ የተጠናቀቁ ጨረታዎችን ውጤት ብቻ ተመልከቱ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | የ10 ዓመት ወጪ | መብቱ | መኪና ሲቀየር | መልሶ መሸጥ | ጣጣ |
|---|---|---|---|---|---|
| መደበኛው ታርጋ | ዜሮ | ከምዝገባው ጋር ነው | ምንም | የለም | የለም |
| ዓመታዊ ክፍያ (እንደ ቨርጂኒያ) | 100 ዶላር ገደማ፤ ሌላ ግዛት ሊበልጥ ይችላል | ኪራይ፣ ሊሰበሰብ ይችላል | በብዙ ግዛቶች አብሯችሁ ይሄዳል | አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም | ትንሽ |
| ከመንግሥት በቀጥታ (እንደ ብሪታንያ) | ከ250 ፓውንድ ጀምሮ፣ በየለውጡ 80 | የመጠቀሚያ መብት፣ በ10 ዓመት ይታደሳል | ከሽያጩ በፊት መውረድ አለበት | ይቻላል፣ በኪሳራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው | መካከለኛ |
| ከነጋዴ ወይም ከግለሰብ | እንደ ቁጥሩ፤ ታክስና ክፍያ ይጠየቅ | ያው መብት | ያው | አጭርና የድሮ ከሆነ ይሻላል | ከፍ ያለ፣ ማጣራት ይፈልጋል |
| ጨረታ | ከቆመበት ዋጋ 30 በመቶ ገደማ በላይ | ያው መብት | ያው | ብርቅ ለሆነው ብቻ | ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ወይም ለመኪናው ጎማና ሰርቪስ የምትቆጥቡበት ወቅት ከሆነ፣ አማራጭ 1። ታርጋው መኪናውን አያስኬደውም።

በዓመት የሚከፈልበት አገር ያላችሁና ትንሽ ደስታ የምትፈልጉ ሰዎች ሳትጨነቁ አማራጭ 2ን ሞክሩት። የሁለት ምሳ ዋጋ የማይሞላ ነገር ላይ ብዙ ማሰብም አያስፈልግም።

መኪና ለረጅም ጊዜ የምትይዙ ከሆነና አንዴ የሚከፈልበት ሥርዓት ውስጥ ካላችሁ አማራጭ 3 ያዋጣል። ለልጅ ስጦታ፣ ለትዳር መታሰቢያ፣ ለእናት ስም የሚገዛ ታርጋ እዚህ ይመደባል፤ መብቱ ለወራሽ ስለሚተላለፍ ከሰውየው በኋላም ቤተሰብ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ዓይነት ምክንያት ጥቂት መቶ ፓውንድ ማውጣት ብክነት ነው ብዬ አላምንም።

በየሁለት ዓመቱ መኪና የምትቀይሩ፣ በተለይ በኪራይ ግዢ የያዛችሁት መኪና ከሆነ፣ ቆም በሉ። መኪናው በስማችሁ ካልተመዘገበ ታርጋውን ለመለጠፍም ለማውረድም የባለቤቱ ድርጅት ፈቃድና ወረቀት ያስፈልጋል፣ የራሱንም የአገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ውሉ ከማለቁ በፊት ቀድማችሁ ካላወረዳችሁት መኪናው ሲመለስ ቁጥሩም አብሮ ይመለሳል።

ድርጅት ላላችሁ ሰዎች ጉዳዩ ይለያል። ቫኑ ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ የሚዞር ከሆነ የድርጅቱን ስም የሚያስታውስ ታርጋ ይጠቅማል። ግን ከጎኑ ላይ በትልቁ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ከየትኛውም ታርጋ በላይ ደንበኛ ያመጣል፤ መጀመሪያ እሱን አሠሩ። ታርጋውን ስትገዙ ደግሞ በማን ስም እንደሚሆን ቀድማችሁ ወስኑ፣ በድርጅቱ ወይስ በእናንተ። ሽርክና ሲፈርስ የሚያጣላው ይህ ነው።

ለትርፍ የምትገዙ ሰዎች፣ ምክሬ ከባድ ነው፦ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ምልክት ብርቅ ቁጥር ለመግዛት አቅም ከሌላችሁ አትግቡበት።

ከመክፈላችሁ በፊትና ከለጠፋችሁ በኋላ

ቁጥሩን በወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል፣ በሕጋዊ ክፍተቱ ጻፉት። ምን ማለት እንደሆነ ሳትነግሩ ለማያውቅ ሰው ስጡና ያንብበው። የብሪታንያ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ተፈታኙ ታርጋ ከ20 ሜትር ማንበብ አለበት፤ እናንተም ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ 20 ሜትር ያህል ራቁና እዩት። ስሙ ከሩቅ ካልታየ የሚያየው የለም። ስማችሁ በላቲን ፊደል በሁለት ሦስት መንገድ የሚጻፍ ከሆነ ሁሉንም ሞክሩ፣ አንዱ ቢያዝ ሌላው በግማሽ ዋጋ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ቃሉ በሌላ ቋንቋ ነውር አለመሆኑን፣ ለኮምፒውተር ደግሞ "ባዶ"፣ "የለም"፣ "ሙከራ" የሚል ትርጉም እንደሌለው አረጋግጡ።

ቁጥሩ በመሥሪያ ቤቱ እስኪጸድቅ ሰሌዳውን አትለጥፉ። ሲጸድቅ ያኑ ቀን ኢንሹራንሱን አሳውቁ፤ ሊብሬውና ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ካልገጠመ አደጋ ቢደርስ ጭቅጭቅ ነው። ቀጥሎ የክፍያ መንገድና የፓርኪንግ መተግበሪያዎችን ቀይሩ። ቅጣት ቶሎ የሚመጣው ከእነዚህ ነው፣ ምክንያቱም ካሜራው አዲሱን ቁጥር ሲያነብ ሒሳባችሁ ላይ ያለው አሮጌው ነው። አሮጌውን ሰሌዳ አትጣሉት፤ ብሪታንያ ውስጥ የምርጫውን ስታወርዱ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀድሞ ቁጥሩ ይመለሳል። ለውጡ የጸደቀበትን ቀን የያዘውን ወረቀትም ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀምጡት፤ በአሮጌው ቁጥር ዘግይቶ የሚመጣ ቅጣት ካለ በየትኛው ቀን የትኛው ቁጥር መኪናው ላይ እንደነበረ የምታሳዩት በሱ ነው።